እርማት፦ ነሐሴ 21 ማርስ ጨረቃን አታክልም

«ነሐሴ 21 ሌሊት ማርስ ጨረቃን አክላ ትታያለች፤ ጎንደሬ ሁሉ ቀና ብለህ እይ!» የሚለው መልእክት ሐሰት ነው። በየክረምቱ ተመልሶ ይዞራል።

መነሻው ግን እውነት ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 1995 ዓ.ም. ማርስ እስከ 55.76 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ቀርባን ነበር፤ ወደ 60 ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልታየ ቅርበት ነው። ያኔ የተሰራጨው ጽሑፍ፣ 75 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ብትታይ ጨረቃን በባዶ ዓይን የምናያትን ያህል ትሰፋለች ይል ነበር። በቅብብሎሽ ቴሌስኮፑ ወደቀ፣ ጨረቃዋ ቀረች። ማርስ በባዶ ዓይን ጨረቃን እንድታክል ወደ 750 ሺህ ኪሎ ሜትር መቅረብ አለባት፤ ይህ እንኳን በነሐሴ፣ መቼም አይሆንም።

ደግሞም የምትቀርበው በየ26 ወሩ ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሊገጥም አይችልም። (የጎንደር የነሐሴ ደመናስ መች ያሳያል?)

ማየት የሚፈልግ የካቲት 12 ቀን 2019 ዓ.ም. አካባቢ ይሞክር። ርቀቷ 101 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከጎንደር ሲታይ አናት ላይ ትሆናለች፤ እምብዛም የማትብለጨለጭ ብርቱካንማ ነጥብ ናት። ቴሌስኮፓችሁ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ወይም ከመስተዋቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ዓይን ለሚጠጋበት ሌንስ የትኩረት ርቀት አካፍሉ፦ 700 ሚሊ ሜትር ለ10 ሲካፈል 70 ጊዜ ያጎላል። በዚያ ማጉያ ማርስ በባዶ ዓይን የምናያትን ጨረቃ ግማሽ ያህል ትሰፋለች። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አታነጣጥሩ፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ሲለቅ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። በስልክ ዙም የሚታየው ትልቅ ክብም ማርስ ሳይሆን ትኩረቱን የሳተ ካሜራ ነው።