ክብደት መኪናን ቶሎ አያቆምም

ወንድሜ፣ «የኤሌክትሪኩ አይዲ ፎር ከቤንዚኑ ራቭ ፎር ስለሚከብድ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ ፍሬን ሲያዝም ቶሎ ይቆማል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ትክክል አይደለም።

እርግጥ ክብደት ጎማውን አስፋልቱ ላይ ይጫነዋል። ችግሩ፣ መቆም ያለበትም ያው ክብደት ነው። አንዱ የጨመረውን ሌላው ይወስደዋል። ከባዱ መኪና ጉድጓድ ላይ ረጋ ማለቱ እውነት ነው፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይሄ ምቾት ይመስለኛል።

ልዩነቱ ቁልቁለት ላይ ይታያል። ራቭ ፎር 1,600 ኪሎ ገደማ ነው። አይዲ ፎር በባትሪው ምክንያት 2,000 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በእኩል ፍጥነት ሲወርዱ፣ ከባዱን ለመያዝ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጉልበት መዋጥ አለበት። በኤሌክትሪክ መኪና ብዙውን ሞተሩ ራሱ ይይዝና ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን መቀበያ ቦታ የለውም፤ ሸክሙ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እባክህ፣ እላይ ሰፈር ካደርክ ባትሪውን 100 አታድርሰው። ክረምት ላይ ደግሞ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል፣ ጎማህ ያለቀ እንደሆነም ቀይረው።