ስሌቱ ከሞተሩ ሰሌዳ ይጀምር

ወፍጮ ቤት ሞተር ጎን ላይ ዱቄትና ቅባት የለበሰች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጓት እንዲህ የሚል ይነበባል፤ 15 ኪሎዋት፣ 380/660 ቮልት ዴልታ/ስታር፣ 50 ኸርዝ፣ 1455 ዙር በደቂቃ፣ ኮስ ፋይ 0.85፣ ኢፊሸንሲ 89 በመቶ። ዴልታና ስታር የሞተሩ ሦስት ጥቅል ሽቦዎች የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ኮስ ፋይ (ፓወር ፋክተር) ከሚሳበው ጠቅላላ ጉልበት ሥራ የሚሠራው ድርሻ ነው፤ ኢፊሸንሲ ደግሞ ከሚገባው ጉልበት ሻፍቱ ላይ የሚደርሰው። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስለ ኤሲ ሰርኪውትና ስለ ኤሌክትሪክ ማሽን ከሚማረው ብዙው እዚህች ሰሌዳ ላይ አለ። ሆኖም የወፍጮው ባለቤት ኦቨርሎዱን፣ ማለትም ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚቆርጠውን ሪሌይ፣ «ስንት አምፔር ላይ ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚንተባተብ ተመራቂ ጥቂት አይደለም።

ችግሩ ሒሳብ አለመቻል አይደለም። ተማሪው ኮምፕሌክስ ቁጥር ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ከሬክታንግል ወደ ፖላር ይቀይራል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዝግጅቱ ይበልጥ ወደ ምርጫ ጥያቄ አዘንብሏል፤ ፎርሙላ መርጦ፣ ቁጥር ከትቶ፣ ከአራቱ ምርጫ የሚመሳሰለውን ማክበብ። የጎደለው ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ነው። የመስመር ነው የፌዝ (የአንዱ ጥቅል ሽቦ)? የሚገባ ጉልበት ነው የሚወጣ? ኤፌክቲቭ (በሜትር የሚነበበው) ነው ፒክ (ጫፉ)? መሐንዲሱ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው ጉባኤ ላይ ኮምፕሌክስ ቁጥርን ለኤሲ ስሌት ሲያቀርብ ሥራ ለማቅለል ነበር። ዛሬ ተማሪው ያቺን «ጄ»፣ የኮምፕሌክስ ቁጥርን ምልክት፣ እንደ ፈተና ይፈራታል እንጂ እንደ መዝገብ አያያዝ አይጠቀምባትም።

እስቲ ሰሌዳዋን እናንብብ። 15 ኪሎዋት ሞተሩ ከመስመር የሚስበው አይደለም፤ በሻፍቱ የሚሰጠው ነው። ከመስመር የሚስበውን ለማግኘት 15ን ለ0.89 ማካፈል ነው፤ 16.85 ኪሎዋት ይሆናል። ይህን ለ0.85 ስናካፍል ጠቅላላው ጉልበት 19.8 ኬቪኤ። ያንን ደግሞ ለ1.732 (የ3 ስኩዌር ሩት) እና ለ380 ብዜት ስናካፍል 30.1 አምፔር። ስሌቱ ይኸው ነው።

አሁን ስህተቶቹን እንያቸው፤ ትምህርቱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ኢፊሸንሲውን የረሳ ተማሪ 26.8 አምፔር ያገኛል። ኦቨርሎዱ እዚያ ላይ ከተሞላ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ሲሸከም እየቆረጠ ያስቸግራል፤ ባለወፍጮውም ተማሮ መቁረጫውን ወደ ላይ ያዞረዋል። 1.732ን የረሳ ግን 52 አምፔር ያገኛል፤ ይሄኛው አያስቸግርም፣ ዝም ብሎ ሞተሩን ያቃጥላል። ኤሌክትሪሺያኖቻችን በ380 ቮልት ለአንድ ኪሎዋት ሁለት አምፔር ገደማ ብለው ያስባሉ። ይህን ግምት በእጁ የያዘ ተማሪ 52 ሲያይ ካልኩሌተሩን ይጠራጠራል። ግምቱን ከስሌቱ በፊት ወረቀት ላይ ማስፈር ማንም መምህር ነገውኑ ሊጀምረው የሚችል ልማድ ነው።

አንድ ነገር ግን ግምቱም አይነግረውም። ሞተሩ በስታር-ዴልታ የሚነሳ (መጀመሪያ በስታር ተነስቶ ኋላ ወደ ዴልታ የሚዞር) ከሆነና ኦቨርሎድ ሪሌዩ ከዋናው ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ከሚሠራው ማብሪያ) በታች፣ ወደ ጥቅል ሽቦው በሚሄደው ሽቦ ላይ ከተቀመጠ፣ የሚያየው የመስመሩን 30 አምፔር ሳይሆን የፌዙን 17.4 አምፔር ነው። ይህን ሳያጤን 30 ላይ የሞላው ሰው ሪሌይ ገጠመ እንጂ ሞተሩን አልጠበቀም። «በዴልታ የፌዝ ከረንት የመስመሩ በ1.732 ሲካፈል ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይለዋል። ሪሌዩ ላይ ሲሆን ግን አያገናኘውም።

የቮልቴጅ ጽሑፉም እንዲሁ ነው። 380/660 የሚል ሞተር በአገራችን 380 ቮልት መስመር ላይ በዴልታ ይሠራል፤ ለስታር-ዴልታ ማስነሻም ይሆናል። 220/380 የሚል ግን የሚሠራው በስታር ብቻ ነው። ይህኛውን በስታር-ዴልታ ማስነሻ ብትገጥሙት በስታር ጥሩ ይነሳል፤ ወደ ዴልታ ሲዞር 220 ቮልት የተሠራለት ጥቅል ሽቦ ላይ 380 ይወድቅበታል። ብረቱ ሳቹሬት ያደርጋል (ከዚያ በላይ ማግኔት አይሸከምም)፣ የማግኔት ከረንቱ ከመጠን በላይ ይንራል፣ ብዙም ሳይቆይ የቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። ተቃራኒው ስህተት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። 380/660ን በስታር ትቶ የሚያስኬድ ሰው የሞተሩ ቶርክ (የማዞር ጉልበቱ) ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዶ፣ እህሉ ሲገባ ሞተሩ እያቃሰተና እየጋለ ይሄዳል።

ከውጭ የሚመጡ ማሽኖች ላይ ደግሞ ኸርዙን ማየት ግድ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ 60 ኸርዝ ነው የምትጠቀመው፤ አሜሪካም እንዲሁ። ዘመድ ከሳዑዲ የላከው ሞተር 380 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ፣ የቮልቴጅና የኸርዝ ንጽጽሩ 6.33 ነው። እዚህ 380ን በ50 ስናካፍል 7.6 ይሆናል። ፍለክሱ (በብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔት) በ20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ ያለ ጭነትም ይግላል። ከአሜሪካ የመጣው 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ግን 7.67 ስለሆነ 380 ላይ ችግር የለበትም፤ ፍጥነቱና ጉልበቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ዝቅ ይላል እንጂ። ቁጥሩ ሲታይ 460 የሚለው ይበልጥ የሚያስፈራ ይመስላል። አንድ ማካፈል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ከፍታም መታየት አለበት፤ የሞተር ሰሌዳ በተለምዶ እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ታስቦ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የከተማዋ ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክሳል።

መንደር ውስጥ ወፍጮ ሲነሳ አምፖል ለምን እንደሚደበዝዝ የሚጠይቅ ልጅ ጥሩ የኤሲ ጥያቄ ጠይቋል። ከትራንስፎርመሩ እስከ ወፍጮው 300 ሜትር፣ ሽቦው 50 ካሬ ሚሊሜትር አሉሚኒየም ነው እንበል። ሬዚስታንሱ 0.19 ኦም፣ ሪአክታንሱ (በማግኔት ምክንያት ኤሲን የሚቃወመው) 0.09 ኦም ገደማ ይሆናል። በሙሉ ጭነት የሚጠፋው ቮልቴጅ 1.732 ሲባዛ በ30፣ ከዚያም በሬዚስታንስና በኮስ ብዜት እና በሪአክታንስና በሳይን ብዜት ድምር ሲባዛ ነው፤ 11 ቮልት፣ ማለትም 2.9 በመቶ። በቀጥታ ሲነሳ ግን ከረንቱ ስድስት እጥፍ፣ 180 አምፔር ይሆናል፤ ፓወር ፋክተሩም ወደ 0.35 ይወርዳል። ያኔ 47 ቮልት ይጠፋል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም ስለሚቀንስ እውነተኛው ትንሽ ያንሳል። ቶርክ ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ የሞተሩ መነሻ ጉልበት ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ በሙሉ ጭነት ዋናው አጥፊ ሬዚስታንሱ ነበር፤ ሲነሳ ግን ሪአክታንሱ ይበልጣል። ሽቦ በማወፈር ብቻ የመነሻውን ችግር አፈታለሁ ያለ ሰው ገንዘቡን ግማሽ በግማሽ ያባክናል። በስታር ሲነሳ ከረንቱ አንድ ሦስተኛ ስለሚሆን የሚጠፋው 16 ቮልት ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ግን አንድ ሦስተኛ ነው። ወፍጮው ባዶውን ተነስቶ እህሉ ኋላ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ፓወር ፋክተር የምትባለው ምዕራፍ ላይ ተማሪዎች ጥሩ ያሰላሉ፤ ትርጉሙን ግን አያዩም። ይህንን ሞተር ከ0.85 ወደ 0.95 ለማድረስ የ4.9 ኪሎቫር ካፓሲተር ያስፈልጋል። በዴልታ ለአንድ ፌዝ 36 ማይክሮፋራድ፣ በስታር 108 ማይክሮፋራድ ነው። 36ቱን በስታር ያሰረ ከ4.9 ኪሎቫር 1.6 ብቻ ያገኛል። ካፓሲተሩ ሲገባ የመስመሩ ከረንት ከ30 ወደ 27 አምፔር ይወርዳል። ሞተሩ የሚስበው ግን ያው 30 ነው። ካፓሲተሩ ከኦቨርሎዱ በታች ከታሰረ ሪሌዩ የሚያየው 27ን ስለሆነ መሙያው አብሮ መውረድ አለበት፤ ከላይ ከታሰረ ባለበት ይቆያል። ይህን ልዩነት የሚጠይቅ የቤት ሥራ የሚሰጥ መምህር እምብዛም ነው።

ካፓሲተር ሲበዛ ይጠቅማል የሚል እምነትም አለ። ከሞተሩ ያለ ጭነት የማግኔት ከረንት ከሚበልጥ ካፓሲተር ጋር ሞተሩ ላይ በቀጥታ ከታሰረ፣ መብራት ሲቋረጥ ሮተሩ በሽክርክሪቱ እየዞረ ሳለ ሞተሩ ራሱን ጄኔሬተር ያደርጋል፤ ቮልቴጁም ከመስመሩ በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ከረንት ከ90 በመቶ አይለፍ ይባላል። በስታር-ዴልታ የሚነሳ ሞተር ተርሚናል ላይ ካፓሲተር ጭራሽ አይታሰርም፤ ከበላይ፣ በራሱ ኮንታክተር ይሁን።

ባልተመጣጠነ ስታር ጭነት ላይ የሚሰጠው ልምምድ ደግሞ ተማሪውን ለሁለት ገጽ ያደክመዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግረውም። አንድ ፌዝ ላይ የ3 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ፣ ሌላ ፌዝ ላይ የጎረቤት 300 ዋት አምፖሎች አሉ እንበል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ኒውትራሉ፣ የፌዞቹ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ምሰሶ ላይ ተበጠሰ። ምጣዱ 16 ኦም፣ አምፖሎቹ 161 ኦም ናቸው፤ ሁለቱ በተከታታይ 380 ቮልት ላይ ተንጠለጠሉ። ምጣዱ 35 ቮልት ይደርሰዋል፤ አይሞቅም። አምፖሎቹ ላይ 345 ቮልት ይወድቅባቸዋል። ምጣድ እንቢ ሲል ጎረቤት ቤት ዕቃ የሚነደው ለዚህ ነው። ልምምዱን በኮምፕሌክስ ቁጥር ከመስጠታችን በፊት ይህን ብናሰላ ልጁ ጉዳዩን አይረሳውም። በዚሁ ኒውትራል ላይ ፊውዝ መግጠም ለምን ክልክል እንደሆነም ራሱ ይመልሳል።

በላብራቶሪ ብዙ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ የስታተሩን (የማይዞረውን የሞተር ክፍል) ሬዚስታንስ ከሁለት ተርሚናል ለክቶ እንዳለ መውሰድ። 0.8 ኦም ከተለካ፣ በስታር የአንድ ፌዝ 0.4፣ በዴልታ ደግሞ 1.2 ነው። የሚገርመው የሙቀት ብክነቱን ሲያሰሉ ሁለቱም መንገድ እኩል ይወጣል፤ የመስመር ከረንት ስኩዌር ሲባዛ በ1.2። የተሳሳተው ግን በ2.4 አባዝቶ ኢፊሸንሲውን ያወርድና «ሞተሩ አሮጌ ነው» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ላብራቶሪ እስኪገዙ መጠበቅ የለባቸውም። ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ሳይቆረጥ ከረንት የሚለካ) እና አንድ የተቃጠለ ሞተር ይበቃል፤ የተቃጠለውንም ሪዋይንድ የሚሠሩ ሱቆች ጋ ማግኘት ይቻላል። ለመውጫ ፈተና የሚሆነው ጥያቄ ደግሞ ይህን ይመስል ነበር፤ 15 ኪሎዋት ሞተር ኦቨርሎዱ 52 አምፔር ላይ ተሞልቶ ተቃጥሏል። ሰሌዳው ይኸው ነው። ስሌቱን የሠራው ሰው የቱ ጋ ተሳሳተ?