የባቡር ሠራተኛ ቤት ስለ አደጋ ይነጋገር

አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ሰኞ ገና ሳይነጋ ስንቁን በጨርቅ ቋጥሮ ይወጣል፤ አንዳንዴ ቅዳሜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ይመለሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ሲያነሱት የነበረው ሐዲድ ከእጃቸው አምልጦ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አደቀቀው። ወሬው እናቴ ዘንድ የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ያውም በጎረቤት በኩል። የትኛው ሆስፒታል እንደተወሰደ ለማወቅ ሌላ አንድ ቀን ፈጀባት። በሳምንቱ ወረቀት የያዘ ሰው ቤታችን መጥቶ ፈርሚ አላት። ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም።

ያ ሁሉ የሆነው እናቴ ደካማ ስለነበረች አይደለም። አምስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች ያህል ነበረች። ነገር ግን አባቴ ስለ ሥራው አደጋ አፉን ሲከፍት ገና ከመጀመሩ «በስመ አብ! ክፉ አታሰማን» ትለው ነበር። እሱም ይተወዋል። በብዙ ቤት እንዲህ ነው። ስለ አደጋ ማውራት አደጋውን መጥራት ይመስለናል፤ ሟርት ነው እንላለን። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ዋጋ አስከፍሎናል፤ ሌሎችንም ሲያስከፍል አይቻለሁ። ስለዚህ የባቡር ሠራተኛ ያለበት ቤት ሁሉ፣ ሰውየው በደህና እየገባ እየወጣ ባለበት ጊዜ፣ ቁጭ ብሎ ስለ ከባድ ጉዳት እንዲነጋገር እማጸናለሁ።

ለምን የባቡር ሠራተኛ? ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሥራ ሰውን ከቤቱ አርቆ የሚያሠራ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ አገር ሁሉ አለቀሰ፤ ዛሬም ይታወሳል። ሁለት ፉርጎ ሲያያይዝ ጣቶቹን ያጣ፣ ከፉርጎ ላይ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሠራተኛ ግን የሚታወሰው በቤተሰቡ ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፤ ሰፊው ክፍል በቆላና በበረሃ ያልፋል። ከበላዩ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። እንዲህ ያለው ኤሌክትሪክ ሳይነኩትም፣ ሲጠጉት ብቻ፣ ዘሎ ሰው ይመታል። የተመታው ሰው ቆዳው ላይ ትንሽ ቁስል ብቻ ቢታይም ውስጡ ተቃጥሎ፣ የልቡ ምት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ቢል እንኳ ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት እንዳይገባ ሚስቱ ማወቅ አለባት። ይህን የሚነግራት ማነው?

አጥንት ሲሰበር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዘመድ ይሰበሰብና «ሆስፒታል እግሩን ይቆርጡታል፣ ጎበዝ ወጌሻ አለ» ይላል። ወጌሻን ጠቅላላ መኮነን አልፈልግም፤ ውልቃት ያቃናልን ስንቶች ነን። ነገር ግን ባቡር ያደቀቀው እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩ ይቆምና እግሩ ይሞታል። ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚያዩት ነገር ነው። ሊድን የሚችል እግር በዚህ ምክንያት ይቆረጣል። ከዚያም በላይ፣ በወጌሻ ቤት ያለፉት ሳምንታት የሕክምና ማስረጃ የላቸውም፤ ኋላ ካሳ ሲጠየቅ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰው መሆኑን ማሳየት ይከብዳል። «ወጌሻ ጋ አትውሰዱኝ» የሚለውን ቃል ሠራተኛው ራሱ፣ በጤናው፣ በወንድሞቹ ፊት ቢናገር ለሚስቱ ትልቅ ጋሻ ይሆናታል። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ከባሏ ዘመዶች ጋር ብቻዋን እንድትከራከር መተው ግፍ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ሰጥቶታል፦ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ይገርማቸው ይሆናል። እዚያ የባቡር ሠራተኛ በ1908 እ.ኤ.አ. በወጣ የተለየ ሕግ የሚተዳደር ስለሆነ ካሳ ለማግኘት የኩባንያውን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት። እኛ ዘንድ ያ ሸክም የለም። ግን አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣባቸው በሮች አሉ፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ። ስለዚህ የአደጋው ሪፖርት አጻጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። «መመሪያ ተላልፎ ገባ» የሚል አንድ መስመር የአንድ ቤተሰብን ኑሮ ሊወስን ይችላል። ሪፖርቱ ሲጻፍ ተጎጂው ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። አብረውት የነበሩትን ባልደረቦች ስም የሚይዝለት፣ የሪፖርቱን ግልባጭ የሚጠይቅለት፣ ያልገባትን ወረቀት «ባሌ ሲነቃ እንፈርማለን» ብላ የምትመልስ ሚስት ካልሆነች ማነው?

ገንዘቡም እንደምናስበው አይደለም። ተጎጂው ከሥራ ሲቀር ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ከአንድ ዓመት አይዘልም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ሕጉ ደመወዝ የሚለው መደበኛውን ነው። የበረሃ አበል፣ የውሎ አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም። መስመር ላይ የሚውል ሰው ቤት ደግሞ የሚኖረው በእነሱ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መደበኛው 8,000 ብር፣ አበሉና ትርፍ ሰዓቱ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። እስከ አደጋው ቀን ቤቱ በ13,000 ብር ይኖር ነበር። «ሙሉ ደመወዝ» በሚባልበት ወር 8,000 ይሆናል፤ ከዚያ ወደ 6,000፣ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ወደ 4,000 ሊወርድ ይችላል። የቤት ኪራዩ ግን አይወርድም። ሚስት የባሏን የደመወዝ ወረቀት አይታ የማታውቅ ከሆነ ይህን አስቀድማ ልታሰላ አትችልም። እቁብ ስትገባ፣ ብድር ስትወስድ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስትመርጥ በ13,000 ታስባለች። ለዚህ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የደመወዙ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ የምለው። ባል ደመወዙን የሚደብቅበት ልማድ ሌላው ቢቀር በባቡር ሠራተኛ ቤት ይቅር።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ቁስሉ ሳይጠግ፣ ቦርድ ሳያየው ስለ መጨረሻ ክፍያ የሚቀርብ ሰነድ ቢመጣ መፈረም የለበትም። ሰው ሠራሽ እግርም ቢሆን ከሕክምናው ወጪ የሚቆጠር መብት ነው፤ አባቴ ይህን ሳያውቅ በምርኩዝ ኖረ። በሌላ በኩል ዝም ብሎ መቀመጥም አይቻልም፤ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በጠቅላላው በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ አይሰማም። ለቅሶና ማስታመም ዓመትን ቶሎ ይበላሉ።

ስለ ሰነድ አጭር ነገር ልበል። ራሱን የሳተ ሰው ውክልና መስጠት አይችልም፤ የባንክ ሂሳቡ በስሙ ብቻ ከሆነ ቤቱ ገንዘብ እያለው ይራባል። በሽማግሌ ተጋብተው ሃያ ዓመት የኖሩ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ያ ወረቀት የሚፈለገው በክፉ ቀን ነው።

እድርስ? እድር ያሳደገን፣ ያቆመን ነው። ግን አብዛኛው እድር የሚያውቀው ሞትን ነው፤ ድንኳኑም ገንዘቡም ለቀብር ነው። እግሩን ያጣ አባወራ የሚደርሰው ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ነው፤ እሱም በሁለተኛው ወር ይሳሳል። የባቡር ሠራተኞች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ያሉ እድሮች ለከባድ የአካል ጉዳት የሚከፈል ነገር በደንባቸው ቢያስገቡ ምን ይከለክላቸዋል? የሠራተኛ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የደኅንነት ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ሚስቱን፣ እናቱን ወይም እህቱን አንድ ግማሽ ቀን ጠርቶ ማን ጋ እንደሚደወል፣ የት ሆስፒታል እንደሚወሰድ ማስረዳት ብዙ ወጪ የለውም። ከአዋሽ ወዲያ የተጎዳ ሰው ድሬዳዋ ድል ጮራ ይወሰድ ወይስ ወደ አዳማ የሚለውን ቤተሰቡ ከሰው አፍ እየሰማ መገመት የለበትም።

የወንድሜ ልጅ አሁን በአዲሱ መስመር ላይ ይሠራል፤ ካገባ ዓመት አልሞላውም። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ አነሳሁ። እናቴም ነበረች። መጀመሪያ ላይ ፊቷን አዙራ አማተበች። ልጁ የደመወዝ ወረቀቱን ከስልኩ አውጥቶ ለሚስቱ ሲያሳያት ግን ወንበሯን አስጠጋች። ሚስቱ ደብተር አመጣችና የአለቃውን ስልክ፣ አብረውት የሚሠሩ የሁለት ልጆችን ስልክ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ጻፈች። ሌሊት አደጋ ቢደርስ አለቃው ስልኩን ካላነሳ ለማን ትደውላለች? እሱም አላወቀውም። እናቴ ናት የጠየቀችው። የጣቢያውን የሌሊት ተረኛ ቁጥር ይዞ እንዲመጣ ነግራው፣ ደብተሩ ላይ ቦታ ተውለት አለች።