ማስተካከያ፦ የመኪና ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ቁጥር 350 ሳይሆን 3,500 ሄርዝ ነው

ጅማ ላላችሁ የመኪና ድምፅ ወዳጆች ባለፈው ሳምንት በወጣው ጽሑፍ፣ በአክቲቭ ክሮስኦቨር (ድምፁን ከአምፕሊፋየሩ በፊት ለየስፒከሩ የሚከፋፍለው ቅንብር) የትዊተሩ ሃይ ፓስ (ከቁጥሩ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰው ማጣሪያ) «350 ሄርዝ» ተብሏል። ትክክለኛው 3,500 ሄርዝ ነው። 350 ብላችሁ የሞላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሙዚቃ ሳትከፍቱ አስተካክሉት።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፓሲቭ ሲስተም ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ ካፓሲተር ከትዊተሩ ፊት አለ። በአክቲቭ ግን ትዊተሩ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኛል። የሚጠብቀው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። 350 ላይ ሆኖ ድምፁ ከፍ ካለ የትዊተሩ ኮይል (በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ) ሊቃጠል ይችላል። ስሎፑንም (ማጣሪያው ከቁጥሩ በታች ድምፁን የሚቀንስበትን ፍጥነት) በኦክታቭ፣ ማለትም ሄርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ 24 ዲሲቤል አድርጉት፤ 12 ለትዊተር ላላ ይላል ባይ ነኝ። የትዊተሩ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ፣ የእሱ ይቀድማል።

የበሩ ስፒከር ሎው ፓስም (ከቁጥሩ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቀንሰው ማጣሪያ) 3,500 ይሁን። በበሩና በሰብዉፈሩ (በጣም ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው ስፒከር) መካከል የተባለው 80 ሄርዝ አልተቀየረም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቴፖች ባትሪ ሲነቀል ቅንብራቸው ይጠፋል። እዚያው ጅማ ፈረንጅ አራዳም ሆነ ሌላ ቦታ ባትሪ ካስቀየራችሁ፣ ድምፅ ከመጨመራችሁ በፊት የክሮስኦቨሩን ገጽ ከፍታችሁ ቁጥሮቹን እዩ።