ማስተካከያ፦ ዶሚኒክ ካሚንግስ በፖሊስ አልተቀጡም

የያኔው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የቦሪስ ጆንሰን አማካሪ ስለነበሩት ስለ ዶሚኒክ ካሚንግስ ባለፈው ስጽፍ «የኮሮናን እገዳ ጥሰው በፖሊስ ተቀጡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። በሰሜን እንግሊዝ ያለው የደርሃም ፖሊስ እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2020 ያለው ሌላ ነው። ደርሃም አባታቸው ግቢ መቀመጣቸው ጥፋት አይደለም፤ በአካባቢው ወዳለችው ባርናርድ ካስል ከተማ መንዳታቸው ግን ቀላል ጥሰት ሊሆን ይችላል አለ። በዚያው ተዘጋ።

የሕዝቡ ቁጣ ግን እውነተኛ ነበር። ካሚንግስ ባርናርድ ካስል የነዱት ዓይናቸው ወደ ለንደን ለሚመልሰው ረጅም መንገድ ይበቃ እንደሆነ ለማየት መሆኑን ተናገሩ። ሚስትና ልጃቸው መኪናው ውስጥ ነበሩ። ያን ሰሞን ሰው እናቱን እንኳ በወጉ አልቀበረም። ጥቂት ዘመድ ተራርቆ ቆሞ፣ ሳይተቃቀፍ ነበር የሚለያየው። ሕዝቡን ያንገበገበው ይህ ነው።

ሥራቸውን የለቀቁትም ያኔ ሳይሆን ኖቬምበር ላይ ነው። በጉዳዩ ያኔውኑ የለቀቁት ሚኒስትር ዴኤታው ዳግላስ ሮስ ናቸው።