ክረምት ሳይገባ ኦአርኤሱ ቤት ይግባ

ክረምት ሲገባ ጎርፉ የጎጃምን ሜዳ ቆሻሻ ጠራርጎ ምንጭና ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። የልጆች ተቅማጥም ይበረታል። አንዳንዱ ቤት «ውሃ ያባብስበታል» ተብሎ ልጁ ይከለከላል። ሌላው ቤት «ጥርስ እያወጣ ነው» ይባላል። እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወሰድም አለ። በዚህ መሃል ሕፃኑ ይደርቃል። ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም በተቅማጡ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ይህን የሚተካው ኦአርኤስ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት።

ሰውነት ውሃውን የሚጠብቅበት መንገድ ሁሌም ይገርመኛል። የአዋቂ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ተኩል ሊትር አካባቢ ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። የደም ጨው ትንሽ ከፍ ካለ አንጎል ወዲያው ያውቃል። ውሃ ያስጠማል፤ ለኩላሊትም «ቆጥብ» የሚል ሆርሞን ይልካል። ከደጀን ወርዶ በዓባይ በረሃ ፀሐይ የዋለ ሰው ሽንቱ አንሶ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ኩላሊት ግን ያለውን ይቆጥባል እንጂ የወጣውን አይተካም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉትን ጨዎች እያጣ ነው። ባዶ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የቀረው ጨው ይቀጥናል። ሶዲየሙ በጣም ከወረደ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል።

ስኳሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንጀት ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባበት በር አለው። ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው የጨውና የስኳር ውህድ አጠጡ። ለሕሙማኑ የሚያጠጡትም በብዛት የራሳቸው ቤተሰቦች ነበሩ። 30 ከመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 ከመቶ በታች ወረደ።

ታዲያ ኦአርኤስና አብሮት ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ልጁ ታሞ እስኪመጣ ጤና ኬላ ለምን ይጠብቃሉ? ሐምሌ ላይ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው አያስኬድም፣ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ሕፃን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃን ላለበት ቤት ሁሉ በሰኔ ያድርሱ። ወረዳዎችም ለዚህ በጀት ይያዙ። ፓኬቱ ርካሽ ነው፤ ሰበብ አይሆንም።

አበጣበጡም አብሮ ይነገር። የአንድ ሊትር ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለመለኪያ ይበቃል። በግምት ቆንጥሮ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ጨዉን ሊያበዛው ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ካስታወከው አሥር ደቂቃ ጠብቆ መቀጠል። በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋ። ጡት አይቋረጥ።

ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ግን ጊዜ ሳይጠፋ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድም ማጠጣቱ ይቀጥል።