ከሽፋኑ ጀርባ ያሉ ስሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ በርበሬና ሙዚቃ። በርበሬውን እናቴ ታዘጋጃለች። ሙዚቃውን የምመርጠው እኔ ነኝ። በ2008 ዓ.ም.፣ ሲዲ ገና በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ለስድስት ወዳጆቼ ስድስት አልበም ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ።

ሻጩ አልበሞቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። "ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው" አለኝ። አንዱን አነሳሁ። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ፣ ከኋላ የዘፈኖቹ ርዕስ። ከፈትኩት፤ ውስጡ ባዶ ነው። "ግጥሙ የማነው?" አልኩት። "እሱን አልጻፉትም። ግን ስሚውማ፣ አሪፍ ነው" ብሎ አጫወተልኝ። እውነቱን ነው፣ ያምራል። በተለይ ግጥሙ። የጻፈው ሰው ስም ግን የትም የለም።

ለራሴ ብገዛው ኖሮ ላላስተውለው እችል ነበር። ስጦታ ግን ከመደመጡ በፊት በእጅ ይያዛል፣ ይገለበጣል፣ ይነበባል።

እኛ ቤት አዲስ ካሴት ሲገባ መጀመሪያ የምንሻማው በወረቀቱ ነበር። ሦስት አራት ቦታ የታጠፈች፣ ፊደሏ ደቃቃ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ከታች ረጅም ምስጋና። ከመታጠፍ ብዛት ስትቀደድ በፕላስተር እናያይዛታለን። ይልማ ገብረአብ የሚባል የግጥም ደራሲ፣ አበበ መለሰ የሚባል የዜማ ደራሲ መኖሩን ያወቅኩት ከዚያች ወረቀት ነው። ያደግኩት እነሱ በሠሩት ዘፈን ነው። ወረቀቷ ባትኖር ስማቸውን ከየት አገኘው ነበር?

በዚያው ጉዞ ለአጎቴ ከዋሽንግተን የገዛሁትን የ"ኢትዮፒክስ" ሲዲ ይዤለት ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያሰናዳው፣ ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ የሚያሳትመው ተከታታይ ነው። ሲዲው ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ አለች። የድሮ ፎቶዎች፣ ሙዚቃው የተቀዳበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ሸክላ ያሳትም ስለነበረው አምሃ ሪከርድስ ታሪክ። አጎቴ መነጽሩን አጠለቀ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ መጽሐፏን መልሶ ሰጠኝ። "እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፣ ምን ይላል?"

በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እስኪመሽ ድረስ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። የሰውና የቦታ ስም ስሳሳት እያረመኝ። አዲስ አበባ የተቀዳን ሙዚቃ ታሪክ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከባዕድ ቋንቋ መልሼ መንገሬ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ፋልሴቶን አመሰግናለሁ። ግን ይህ የእኛም ሥራ ነበር።

ችግሩ ይገባኛል። አልበም ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ኮፒው መንገድ ላይ ሲቸበቸብ፣ አሳታሚው ለተጨማሪ ወረቀት ለምን ያወጣል? ስም መጻፍ ግን ተጨማሪ ወረቀት አይጠይቅም፤ ከርዕሱ ሥር አንድ መስመር ይበቃዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲ የሥራው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ከስድስቱ አንዱ በደንብ ተሠርቶ ነበር። ካርቶን ሽፋን፣ ሙሉ ግጥሙ ታትሞ፣ የባለሙያዎቹ ስም ተዘርዝሮ። እሱን አሜሪካ ለተወለደች የጓደኛዬ ልጅ ሰጠኋት። ፊደል እየተማረች ነበር። ዘፈኑ ሲሄድ እሷ በጣቷ ቃላቱን ትከተላለች። ሲቀድማት "ቆይ፣ ቆይ" ትለዋለች።

ስም የሌላቸው ሁለት ነበሩ። ከመስጠቴ በፊት ሙዚቃ የሚያውቁ ዘመዶቼ ጋ ደወልኩ። የአንዱን ገጣሚ ስም አገኘሁና ከሽፋኑ ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ለሌላው "ግጥም፦" ብዬ ቦታውን ክፍት ተውኩለት።